ባየሽ ወደ ኮሌጅ ሽማግሌ የላከች ጊዜ

ሲያትል አጠገብ ቡሪየን ውስጥ፣ አውሮፕላን ጣሪያ ሊነካ ምንም ሳይቀረው በሚያልፍበት ሰፈር፣ ባየሽ የምትባል ሴት አለች። በኤርፖርቱ አልፋችሁ ከሆነ ሳታዩዋት አትቀሩም። አንዲት አሮጊት በዊልቸር እየገፋች፣ ሻንጣቸውን በክንዷ አንጠልጥላ፣ በአንድ ጆሮዋ የአሮጊቷን የጉልበት ሕመም፣ በሌላው ደግሞ በስልኳ የቀዳችውን ሌክቸር እያዳመጠች የምትጣደፍ ካያችሁ እሷ ናት። ለሁለቱም "እህ፣ እህ" ትላለች። አሮጊቷም ሌክቸሩም ቅር ብሏቸው አያውቅም።

ዲቪ ደርሷት ከደብረ ብርሃን ስትመጣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነበር። ባሏ ዮናታን መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ልጃቸው ማዕረግ አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2009 መሆኑ ነው፣ ባየሽም ኮሌጅ ተመዘገበች። ሐሳቧ ነርስ መሆን ነው። "ሰው መግፋቱን አውቄበታለሁ፤ አሁን ማከሙን ልልመድ" ትላለች። ነርሲንግ ለመግባት ግን መጀመሪያ መወሰድ ያለባቸው፣ ከበሽተኛ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው እግዜር ብቻ የሚያውቃቸው ኮርሶች አሉ።

አንዱ እንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው ቀን መምህሩ በቁምጣ ገባ። ባየሽ ብድግ አለች። መምህር ሲገባ መቆም ነው እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ዞር ብላ ስታይ ከዚያ ሁሉ ተማሪ የቆመችው እሷ ብቻ ናት፤ አንዱ እንዲያውም እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሏል። መምህሩ "ልትሄጂ ነው?" አላት። "ኖ" ብላ ተቀመጠች። በሚቀጥለውም ክላስ እግሯ ራሱ ብድግ አደረጋት፤ እንደገና "ልትሄጂ ነው?" ተባለች። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ከርመው መምህሩ ተስፋ ቆረጠና "ጉድ ሞርኒንግ ባየሽ፣ ሲት ዳውን" እያለ መግባት ጀመረ። እሷም እፎይ አለች። ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሸተታት።

ይኸው መምህር "ካልተስማማችሁ ተከራከሩኝ" የሚል አመል ነበረው። ባየሽ የመጀመሪያ ድርሰቷን ከላይ እስከ ታች እሱ የተናገረው ሁሉ ልክ መሆኑን በማስረዳት ጨረሰችው። ተመልሶ ሲመጣላት ግርጌው ላይ "በዚህ ውስጥ አንቺ የት አለሽ?" የሚል ጥያቄ ተጽፎበታል። ከጎኑ "ቡሪየን" ብላ ጽፋ መለሰችለት።

ሳይኮሎጂ ደግሞ አለ። መምህርቷ ልጅነታችሁን አስታውሱ አለች። ባየሽ ወተት ደፍታ አባቷ ልምጭ ይዘው ሲያባርሯት ዛፍ ላይ ወጥታ እንደዋለች፣ ሲመሽም አባቷ ከሥር ሆነው እየሳቁ እራቷን እንደወረወሩላት እያጫወተች በሳቅ ፈረሰች። ቀና ስትል ክፍሉ ጸጥ ብሏል። መምህርቷ ዓይኗን ጠረገችና ከክላስ በኋላ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ስልክ ቁጥር ሰጠቻት። ፍልስፍና ውስጥ ደግሞ "ይህ ወንበር መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?" ተባለ። ባየሽ እጇን አውጥታ "ተቀምጬበታለሁ" አለች። ጉዳዩ ያለቀ መስሏት ነበር። ስንት ሳምንት ሙሉ ስለዚያ ወንበር ተወራ።

"ዛሬስ ምን ተማርሽ?" ይላታል ዮናታን ማታ።

"ወንበሩ እስካሁን አልተረጋገጠም።"

ከሁሉም የከበዳት አናቶሚ ነው። የሚያስተምረው ረጅም፣ ፂማም፣ ግራና ቀኝ ካልሲው የማይገጥም ሰው ነበር። "ዶክተር አትበሉኝ፣ ኤሪክ በሉኝ" አለ። ባየሽን አፏ እምቢ አላት። በስንት መከራ ዶክተሩንም ኤሪኩንም ሳታስቀይም "ዶክተር ኤሪክ" አለችውና ተገላገለች። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች ማለት ይቻላል። ነርሲንግ ደግሞ አናቶሚን በደህና ነጥብ ላላለፈ ሰው በሩን አይከፍትም፤ የዘንድሮው ማመልከቻ ካመለጣት ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። እልህ ያዛት። ማዕረግን ስታጥብ የጎድን አጥንቷን በእንግሊዝኛ እየጠራች፣ ዮናታን ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ ሲያይ የክንዱን ጡንቻ በእስክሪብቶ እያሰመረች ሰነበተች። ዮናታን ሥራ ቦታ "ይሄ ታቱ ምን ማለት ነው?" ተብሎ ተጠይቋል። ሁለተኛውን ፈተና ባየሽ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች።

በሳምንቱ ኢሜይል መጣ። "ሃይ ባየሽ! ሐሙስ ቢሮዬ ብቅ ማለት ትችያለሽ? ስለ ፈተናሽ ላነጋግርሽ እፈልጋለሁ። ኤሪክ።"

ባየሽ አንብባ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እኛ አገር የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቢሮ የተጠራ ተማሪ ወይ ወላጅ አምጣ ይባላል፣ ወይ ይንበረከካል። ለምርቃት ቢሮ የተጠራ ሰው ታሪክ አያውቅም።

"ሂጂና ጠይቂው" አለ ዮናታን። "ምን አለበት?"

"አንተ ተማሪ ሆነህ ቢሮ ተጠርተህ በሰላም ወጥተህ ታውቃለህ?"

ዮናታን አሰበ። በእጁ ጆሮውን ዳሰስ አደረገ። "አላውቅም" አለ።

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ጋሽ ኪዳነ ወልድን ኮል እናድርጋ።"

ጋሽ ኪዳነ ወልድን ሲያትል ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ አንድ ታክሲ ለሁለት የሚነዱ ሰዎች ቢኮራረፉ፣ የዕድር ኮሚቴ ለሁለት ቢሰነጠቅ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሥራቸው መሀል ከተማ ፓርኪንግ ነው። ከዚያች የመስታወት ኪዮስካቸው ሆነው፣ በትንሿ መስኮት በኩል፣ ትኬት እየተቀበሉ ያስታረቁት ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። አገር ቤት ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ። ስለዚህ ቢሮ ስለመጠራት ከሳቸው በላይ አዋቂ አይገኝም፤ ተማሪውን ቢሮ ሲጠሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

ባየሽ በነጋታው ከሥራ ወጥታ መኪናዋን ኪዮስኩ ጥግ አስጠጋች።

"ጋሼ፣ ኮሌጅ ቢሮ ተጠራሁ።"

ጋሽ ኪዳነ ወልድ መነጽራቸውን አወለቁ። "ወላጅ ይዘሽ ነይ አለሽ?"

"አላለም።"

"ወላጆችሽ እዚህ እንደሌሉ አውቆ አዝኖልሽ ነው። ጥሩ ሰው ነው ማለት ነው። ጥሩ ሰው ማስቀየም ደግሞ ይብሳል።"

"ምን እንዳጠፋሁ እኮ እኔ ራሴ..."

"ዝም! እንዳትነግሪኝ!" እጃቸውን በመስኮቱ አወጡ። "ሽማግሌ ጥፋት አይጠይቅም። መጀመሪያ ይቅርታ ይለመናል፤ የተበደለው እሺ ካለ በኋላ ነው ነገሩ የሚዘረዘረው። አሁን ብትነግሪኝ አዝንልሻለሁ፣ ካዘንኩ አዳላለሁ። የኛ ሥራ ጥፋትን ማመን ነው። ያመነ ምሕረት ያገኛል፣ የካደ ነገር ያስረዝማል።"

ከኋላ ያለ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ጋሽ ኪዳነ ወልድ "ዋን ሞመንት! ፋሚሊ ፕሮብሌም!" ብለው ጮኹበትና ወደ ባየሽ ዞሩ። "ሐሙስ ለብቻሽ ንቅንቅ እንዳትዪ። እኔ እንደ አባት እቆማለሁ። ሦስት እንሆናለን።"

ሁለተኛው ኦቦ ገመዳ ናቸው፤ ታክሲ ነጂ፣ ትንሽ ተናጋሪ፣ ግን የተናገሩት መሬት የማይወድቅ። ሦስተኛዋ ቼሪ ጎዳና ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው እትዬ ነጂባ። ሽማግሌነት የወንድ ነው ያላቸው ሰው ነበር፤ እትዬ ነጂባ የሰውየውን ትዳር ራሳቸው አስታርቀው አፉን አስያዙት።

ሐሙስ ሦስቱም ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ለብሰው ኮሌጁ ፓርኪንግ ላይ ተገናኙ። ኦቦ ገመዳ አበባ መደቡ ዳር የተደረደሩትን ድንጋዮች በዓይናቸው ሲመርጡ ቆዩና "ድንጋይ ሳንሸከም ይሆናል?" አሉ። የከበደ በደል ሲሆን ድንጋይ በጫንቃ ተሸክሞ ነው የሚለመነው።

"ፖሊስ ድንጋዩንም አንቱንም ተሸክሞ ይወስዳል" አሉ እትዬ ነጂባ። "ይግቡ ይልቅ።"

ሕንጻው ውስጥ ተሳስተው መጀመሪያ ያንኳኩት ጂኦሎጂ ነበር። የከፈተላቸው መምህር ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ድንጋይ ነው። ኦቦ ገመዳ ፊታቸው በራ፤ "አንዷን ብንዋስስ?" አሉ። ሰውየው በደስታ ሊያብራራላቸው አንዱን ሲያነሳ እትዬ ነጂባ የኦቦ ገመዳን ኮት ከኋላ ጎትተው አወጧቸው።

ዶክተር ኤሪክ በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ ኪዳነ ወልድ ባየሽን በእጃቸው አቆሟት። "አንቺ እዚሁ። ጥፋተኛ እስኪጠራ ደጅ ነው የሚቆመው።" ባየሽ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ለማስተማሪያ ከቆመ አጽም አጠገብ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ቆመች። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል።

"ፕሊስ፣ ሲት ዳውን" አለ ዶክተር ኤሪክ ሦስት ክት የለበሱ እንግዶች ባንድ ጊዜ ሲገቡበት ደንግጦ።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ በዩኒት ሊደር እንግሊዝኛቸው። "ቃላችን ካልተሰማ አንቀመጥም።"

ተቀምጦ የነበረው ዶክተር ኤሪክ ግራ ገብቶት ተነሳ። ያቺ ክፍል ቁም ሣጥን ታክላለች፤ አራት ሰው ቆሞ ሲሞላት የኦቦ ገመዳ ክርን መደርደሪያው ላይ ያለ የፕላስቲክ ጉበት መታና ጣለ። እትዬ ነጂባ አንሥተው፣ በነጠላቸው ጠርገው፣ ያዙት።

"ልጃችን ባየሽ በድላዎታለች" አሉ ጋሽ ኪዳነ ወልድ።

"እኔን? ምን አድርጋ?"

"ያደረገችውን ሁሉ አድርጋለች። የመጣነው ልንክድ አይደለም። ልጅ ናት፣ ልጅ ያጠፋል። ለሽበታችን ሲሉ ይለፏት።"

የዶክተር ኤሪክ ፈገግታ ቀስ በቀስ ፂሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። "ስለ ፈተናው ነው የምትነግሩኝ?"

"ስለ ፈተናውም ይቅርታ።"

"መልሱን... ከሌላ ሰው ወስዳ ነው?"

ጋሽ ኪዳነ ወልድ ወደ ኦቦ ገመዳ ዞሩ። ኦቦ ገመዳ በአማርኛ፣ ከንፈራቸውን ብዙም ሳያንቀሳቅሱ፣ "ከካድን እርቁ ተበላሸ" አሉ። ጋሽ ኪዳነ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ከወሰደችም ትመልሳለች" አሉ።

ደጅ ያለችው ባየሽ ይህቺን ሰማች። ምኑን ነው የምመልሰው? ብላ አሰበች። የላብራቶሪ መነጽር ኪሷ ውስጥ ሆኖ ቤት መሄዱ ትዝ አላት። ለዚህ ነው እንዴ? አንድ መነጽር?

ዶክተር ኤሪክ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "በጣም አዝናለሁ" አለ። "ይህን ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት አልችልም። ኮሌጁ ሦስት መምህራን የተቀመጡበት ኮሚቴ አለው፤ ጉዳዩን ለእነሱ ነው የማስተላልፈው።"

ሦስት! ጋሽ ኪዳነ ወልድና ኦቦ ገመዳ ተያዩ። ይሄ ፈረንጅ ወግ ያውቃል። ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፣ እትዬ ነጂባ ጉበቱን ጠረጴዛው ላይ በክብር አስቀመጡ፣ ወጡ።

"ደስ ይበልሽ" አሉ ጋሽ ኪዳነ ወልድ። "ጉዳዩ ለትልልቆቹ ሽማግሌዎች አልፏል።"

"የሰውየው ፊት ግን አላማረኝም" አሉ እትዬ ነጂባ።

ባየሽ ተጠርታ ገባች። ዶክተር ኤሪክ ዓይኗን ሳያይ ነው የነገራት። የጠራት በሚቀጥለው ተርም ሌሎች ተማሪዎችን እንድታስጠና፣ ቱተር እንድትሆን ሊጠይቃት ነበር። "ያን ያህል ስትሻሻዪ አይቼ ኮርቼብሽ ነበር። አሁን ግን... ኩረጃ መዝገብሽ ላይ ከገባ ነርሲንግ አይቀበልሽም።"

"አልኮረጅኩም!"

"ታዲያ ሰዎቹን ለምን ላክሻቸው?"

ባየሽ መልሱን በአማርኛ አሳምራ ታውቀዋለች። እንግሊዝኛው ግን አልመጣ አላት። "ቢሮ ስለጠራኸኝ" አለች። ነገሩን ይብስ አደበላለቀው።

ስትወጣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ፊታቸው በርቶ ቆመዋል። ትልቅ ሰው ላይ አይጮህም። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች፣ ጥርሷን ሳትገልጥ። ከዚያ ነገረቻቸው። የጋሽ ኪዳነ ወልድ ፊት አጠገባቸው እንደቆመው አጽም ነጣ።

ቤት ስትደርስ ማዕረግ፣ እናቷ ከመንገድ ለዮናታን ደውላ የነገረችውን ሁሉ ሰምታለች። "ማሚ፣ ዲድ ዩ ቺት?" አለቻት።

"በአማርኛ አውሪ። አልኮረጅኩም።"

"ዜን ዋይ ዲድ ዩ ሰይ ሶሪ?"

ባየሽ ወደ ዮናታን ዞረች። "ጋሼን ኮል እናድርግ ያልከኝ አንተ ነህ!"

"ሂጂና ጠይቂውም ብዬሻለሁ" አለ ዮናታን። "ሁለቱንም ብያለሁ። አንቺ ነሽ የመረጥሽው።" ከዚያ ፊቷን አየና ተነሥቶ ዕቃ ማጠብ ጀመረ።

ኮሚቴው የሚቀመጠው በሳምንቱ ነው፤ የነርሲንግ ማመልከቻ የሚዘጋውም ያን ሰሞን ነው። አንድ ሰው ይዘሽ መግባት ትችያለሽ ተባለች። ማን እንደሚያስፈልጋት ግልጽ ነው፤ ጋሽ ኪዳነ ወልድ ራሳቸው መጥተው ቃላቸውን እንዲያነሱላት ነው። ኪዮስኩ መስኮት ላይ ቆማ ስትነግራቸው ጋሽ ኪዳነ ወልድ አንድ መኪና አስገቡ፣ አንድ አስወጡ።

"ቃሌን ላጥፍ ነው የምትዪኝ?" አሉ በመጨረሻ። "በዚህ ከተማ ቃሉን ያጠፈ ሽማግሌ ከነገ ወዲያ ማን ይሰማዋል? ኦቦ ገመዳስ ምን ይለኛል?"

"ጋሼ፣ እኔ ነርስ መሆን ነው የፈለግኩት። ዕድሜ ልኬን ዊልቸር ልግፋ?"

ሌላ መኪና መጣ። አስገቡት። "ሸሚዝ መተኮስ አለብኝ" አሉ። "ክራቫት ያስፈልጋል?"

የኮሚቴው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ አለው። አንዱ የታሪክ መምህር ነው፣ ሱሪውን በማንገቻ ያንጠለጠለ ሽማግሌ። አንዷ የሒሳብ መምህርት፣ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ የሰካች። ሦስተኛዋ የቲያትር መምህርት፣ ትልቅ ሻርፕ የጠመጠመች። ዶክተር ኤሪክ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ለዛሬ ካልሲዎቹ ገጥመዋል። ባየሽ ያን ስታይ ነገሩ የምር መሆኑ ይበልጥ ገባት።

የታሪኩ መምህር ጀመረ። "ባየሽ መኮረጇን የነገረዎት ማን ነው?"

"ማንም" አሉ ጋሽ ኪዳነ ወልድ።

"ያየ ሰው አለ?"

"የለም።"

"የተጻፈ ነገርስ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምንጭዎ ምንድን ነው?"

"መጠራቷ።"

የታሪኩ መምህር መነጽሩን ከፍ አደረገ። የሒሳቧ መምህርት እርሳሷን ከፀጉሯ መዘዘች። "ልድገመው" አለች። "ተጠራች። ስለዚህ አጥፍታለች።"

"ልክ ነው።"

"እርስዎም ትምህርት ቤት ውስጥ ሠርተዋል ተብሏል። ጥሩ የሠራ ተማሪ ቢሮዎ ጠርተው አያውቁም?"

ጋሽ ኪዳነ ወልድ ረጅም ጊዜ አሰቡ። በዓይናቸው ዘመናቸውን ሁሉ፣ ያን ሁሉ ልጅ፣ ያን ሁሉ የቢሮ ደጅ እየፈለጉ ይመስላል። "አንድም" አሉ ቀስ ብለው። "ለምን እጠራዋለሁ? ጥሩ ከሠራ ይጫወት እንጂ።" ከዚያ ለራሳቸው በአማርኛ፣ "መጥራትማ ነበረብኝ" አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ባየሽ በሰላም ወጥታ ነበር። ግን የቲያትሯ መምህርት ከመጀመሪያ ጀምሮ ጋሽ ኪዳነ ወልድን በፍቅር ስታያቸው ነበርና "እባክዎ፣ ቢሮው እንዴት እንደገባችሁ ሊያሳዩን ይችላሉ?" አለች።

ጋሽ ኪዳነ ወልድ ወጡ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው እንደገና ገቡ። ቀና ሲሉ ፊት ለፊታቸው ሦስት ሰው በክብር ተቀምጧል። የስንት ዓመት ልማድ ያዛቸው። "እንግዲህ ክቡራን፣ ብታጠፋም ባታጠፋም ልጅ ናት። ለሽበቴ ስትሉ..."

ዶክተር ኤሪክ ግንባሩን በእጁ ያዘ። የሒሳቧ መምህርት መጻፍ ጀመረች።

ባየሽ በሕይወቷ የትልቅ ሰው ንግግር አቋርጣ አታውቅም። አባቷ ፊት ቢሆን ልምጭ ነበር። ዛሬ ግን አቋረጠች።

"ጋሼ፣ ይብቃዎት!"

ጋሽ ኪዳነ ወልድ እንደቆሙ ቀሩ። ባየሽ ተነሳች፤ እንግሊዝኛዋ የት እንደነበረ እንጃ፣ አንዴ ተግተልትሎ መጣ።

"እኔ ይቅርታ አልጠይቅም" አለች። "ኮርጄ ቢሆን እጠይቅ ነበር። ፈራሁ፣ የፈራ ሰው በአገሬ የሚያደርገውን አደረግኩ። እሱ ጥፋት ከሆነ እሱን ጻፉብኝ። ፈተናው ግን የኔ ነው። ካላመናችሁ አሁን ጠይቁኝ።"

መምህራኑ ተያዩ። "እኛ እኮ አናቶሚ አናውቅም" አለ የታሪኩ መምህር።

"እኔ ከአካሌ የማውቀው ጉልበቴን ብቻ ነው፣ ስለሚያመኝ" አለች የቲያትሯ።

ዶክተር ኤሪክ ግን ቀና ብሎ "ከትከሻ እስከ ጣት" አለ።

ባየሽ ዙሪያዋን አየች። "ጋሼ፣ ኮትዎን ያውልቁልኝ።"

ጋሽ ኪዳነ ወልድ የተተኮሰ ሸሚዛቸውን ለብሰው ክንዳቸውን ዘረጉ። ባየሽ ከትከሻ ጀምራ አጥንቱን አንድ በአንድ እየነካች፣ ስሙን እየጠራች ወረደች። ዶክተር ኤሪክ አንዷን የእጅ አንጓ አጥንት "እርግጠኛ ነሽ?" ሲላት ቆም አለች፣ እንደገና ዳሰሰች፣ "ተሳስቻለሁ፣ ከጎኗ ያለችው ናት" ብላ አረመች። ከዚያ ሳትጠየቅ ወደ ጎድን ስትዞር ጋሽ ኪዳነ ወልድ መኮርኮር አይችሉ ኖሯል፤ "ኧረ ልጄ! ኧረ በወላዲቷ!" እያሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ሳቁ። የቲያትሯ መምህርት አጨበጨበች።

የሒሳቧ መምህርት የጻፈችውን ሰረዘች። "እዚህ ክስ ውስጥ ድርጊት የለም" አለች። "ያለው መጠራት ብቻ ነው።" ሌሎቹ ሁለቱም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀ። መዝገቧ ላይ ምንም አይገባም።

ዶክተር ኤሪክ ኮሪደር ላይ ተከተላት። "አንቺን ራስሽን መጠየቅ ነበረብኝ" አለ። "ይቅርታ። የቱተሩ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው፣ ከፈለግሽ።"

ባየሽ ትንሽ ልታኮርፍበት አስባ ነበር። ግን መርሐ ግብሯ በጭንቅላቷ መጣባት፤ ማዕረግን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል፣ የዮናታን ፈረቃ መቼ ነው። "ሐሙስ ሥራ አለኝ" አለች። "ማክሰኞና ዓርብ ከሆነ እሺ።"

"ኦኬ።"

"ሌላ ጊዜ ደግሞ ስትጠራኝ ለምን እንደሆነ አብረህ ጻፍልኝ።"

"ኦኬ፣ ኦኬ" አለ ዶክተር ኤሪክ።

ጋሽ ኪዳነ ወልድን ወደ ሥራቸው የምታደርሳቸው እሷ ናት። ፍሪዌይ ላይ ኮታቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው በመስኮት ያያሉ። አቋርጫቸው ተቀይመውኝ ነው ብላ ባየሽ በሆዷ ይቅርታ ታዘጋጃለች። ስልካቸው ጠራ። ድምፁን ክፍት አደረጉት፤ ኦቦ ገመዳ ናቸው።

"እንዴት ሆነ?"

"ነጻ ወጣች! አንዲትም ነገር አልተጻፈባትም።"

"ተመስገን! ተናገርካቸዋ?"

ጋሽ ኪዳነ ወልድ በጎን ባየሽን አዩዋት። የሚሉትን ትጠብቃለች። እንደፈለጉ ይበሉ ብላለች፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ስማቸው ነው።

"እኔማ ላበላሸው ነበር" አሉ። "የተናገረችው እሷ ናት።"

በስልኩ የታክሲው ሬዲዮ ይሰማል። "እሷ ራሷ? ስለ ራሷ?"

"ስለ ራሷ።"

"ሽማግሌ ቁጭ ብሎ? እንዲህ ይቻላል እንዴ?"

ጋሽ ኪዳነ ወልድ የተኮረኮሩበትን ጎናቸውን አሻሹ። "ይቻላል መሰለኝ" አሉ። "ዛሬ አየሁ እኮ። አይደል ልጄ?"

ወደ ሳቸው ሥራ የሚያወጣው መንገድ ደርሶ ነበርና ባየሽ ፍሬቻዋን አብርታ፣ የሚያስገባት መኪና እየፈለገች ነበር።